ስልሳ ማታ በአባቴ እጅ

ስምንት ዓመቴ ላይ ከአንድ የሞተ ሰው ጋር ተኳርፌ ነበር። መሞቱን አላውቅማ! ቂም ስይዝ ደግሞ ልክ የለኝም፤ ዛሬም ቢሆን ባለቤቴ ይመስክር። ያኔ የተቀየምኩት አባቴን ነው፣ ኦልጅራን። የተቀየምኩትም ሁለት ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ እየሠራ፣ በየማታው ከተማውን ሁሉ እያበራ፣ እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ መጥቶ ስላላየኝ ነበር።

ከተማችን ጊንጪ ታልፎ አምቦ ሳይደረስ ያለች፣ አውቶቡስ ሰው ለማውረድ ካልሆነ የማይቆምባት ትንሽ ከተማ ናት። ያኔ አምቦን በወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ነበር የሚሏት። እኛ ዘንድ ደግሞ ወንዙ ዳር የድንጋይ ከሰል እያነደደች መብራት የምትሰጥ ማመንጫ ነበረች። ሰዉ በአጭሩ መብራት ቤት ይላታል። ናፍጣ ቢጠፋ በከሰል ይሞከር ተብሎ የተተከለች ናት አሉ። አንድ ቦይለር፣ እንፋሎት የሚያዞራት አንድ ሞተር፣ አንድ ዲናሞና ረጅም የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ፤ ያለችው ይኸው ነው። ከሰሉ ከወደ ምዕራብ በካሚዮን ይመጣና ግቢው ውስጥ ይገለበጣል፣ አባቴና ጓደኞቹ በአካፋ እያፈሱ ያጎርሷታል።

አባቴ አንድ ቀን የቡጢ ያህል ከሰል በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ።

«ይኼ ድንጋይ መስሎሻል? ዱሮ ዛፍ ነበር። ፀሐይ ሲጠጣ ኖሮ ኖሮ ተቀበረ። እኛ እናወጣውና እናነድደዋለን፣ ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ መዘውሩን ያዞራል፣ መዘውሩ ዲናሞውን። ከዚያ ያቺ የዱሮ ፀሐይ በሽቦ ተጉዛ እዚህ ትበራለች» ብሎ በጥቁር ጣቱ አምፖሉን አሳየኝ።

«ካለቀችስ?»

«ከሰል ካለቀማ እንጨልማለን።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ያቺን ከሰል ማን ያስጥለኛል! አልጋዬ ሥር ጫማ ካርቶን ውስጥ ደበቅኳት። ሲጨልም አወጣታለሁ ብዬ ነው።

መብራት የሚመጣው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲሆን የሚያበሩት ደግሞ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ሳምንት አባቴ፣ አንድ ሳምንት ተሬፋ። የማን ሳምንት እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፣ አምፖሉን ማየት ይበቃል። አባቴ መስመሩን አስቀድሞ ይከፍትና ሞተሩን ቀስ እያደረገ ነው የሚያስነሳት። ስለዚህ እቤት ያለው አምፖል መጀመሪያ ክሩ ብቻ ፍም መስሎ ይቀላል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ነጭ። ተሬፋ ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ሞተሩን እስከ ጥግ ካስጮኻት በኋላ ማብሪያውን በአንድ ጊዜ ይጥለዋል፤ ቧ! ከተማው በአንዴ ቀን ይሆናል፣ ከየቤቱም አንድ ሁለት አምፖል ይፈነዳል። ባለሱቁ ሁሴን «አላህ ተሬፋን ያቆይልኝ፣ በሱ ሳምንት ነው ገበያዬ የሚደራው» እያለ ያሾፍ ነበር። ተሬፋም ቢሆን አብሮ ይስቃል። ትልቅ ሰውነት፣ ትልቅ ጢም፣ ትልቅ ድምፅ ያለው ሰው ነው፤ እኔ እፈራው ነበር።

አባቴ ቀዩ ላይ ለምን ትንሽ እንደሚያቆመው አንዴ ጠይቄዋለሁ።

«እናትሽ ቀና ብላ እንድታየኝ ነዋ!» አለኝ።

እናቴ ባየሽ «ሂድ ወዲያ!» ብላ ሳቀች። ግን እውነቱን ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የያዘችውን ሁሉ ትታ አምፖሉን ቀና ብላ ታያለች።

በ1976 ሐምሌ ዝናቡ አላባራ አለ። ካሚዮኖቹ ያመጡት ከሰል ርጥብ ነበር፣ ግማሹም ዱቄት። አባቴ እየመጣ ያማርር ጀመር። «ከሰል አይደለም የጫኑልን፣ አፈር ነው። እሳቱ ታፍኖ ታፍኖ ይቆይና በሩን ስትከፍትለት ይተፋል» ሲል ሰምቼዋለሁ። እሳት እንዴት እንደሚተፋ ለማየት ጓጉቼ ነበር። ልጅ አይደለሁ!

ሐምሌ ሃያ ሰባት ከሰዓት በኋላ ከወንዙ በኩል ድም የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ጥቁር ጭስም ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን እትዬ ፈትለወርቅ እየሮጠች መጥታ እጄን ይዛ ቤቷ ወሰደችኝ። እትዬ ፈትለወርቅ ቆሎ ስትሰጥ እህል ያለቀባት የሚመስላት ሴት ናት። ያን ቀን ግን በሁለት እጄ አፈሰችልኝና «ብዪ፣ ብዪ» እያለች ፊቷን አዙራ ቆመች። ሰዎች በአጥሩ ሥር ይንሾካሾካሉ። «ሀገረ ሕይወት» ሲሉ ሰማሁ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ «ባኮ ወሰዱት» አሉ። «እሷ እንዳትሰማ» ያለም ነበር። እሷ ያሉት እኔን መሰለኝ፣ ስለዚህ እንዳልሰማ ሆኜ ቆሎዬን በላሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። አባቴ የምድጃውን በር ሲከፍት የታፈነው ነበልባል ፊቱና ደረቱ ላይ ተፋበት። ተሬፋ ነው በራሱ ሽርጥ አፍኖ ያወጣው። በከሰል ካሚዮን ሆስፒታል አደረሱት፣ በሦስተኛው ቀን ሞተ፣ ወንድሞቹም የትውልድ አገሩ ባኮ ወስደው ቀበሩት። ከተማው ሁሉ አውቋል። ያላወቅነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና እናቴ። እናቴ ስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ከእኔ በኋላም ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም። ለአራስም አይነገርም። ከወለደች በኋላ አርባ ቀኗ እስኪሞላ ከተማው አፉን ሊዘጋ ተማማለ።

ለእናቴ ሊነግራት የመጣው ኦቦ ነገራ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፣ በሕይወቱ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው።

«ባየሽ፣ ቦይለሯ ተበላሽታ ነበር፣ እየተጠገነች ነው» አላት። «ኦልጅራ ደህና ነው። ግን ከላይ ትእዛዝ መጥቷል። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል መብራት እንዳይቋረጥ ተብሎ ሠራተኛ ከግቢ አይወጣም፣ እዚያው ያድራል።»

ይህን ሲናገር የጫማውን ክር ነበር የሚያየው። የተፈታ መስሎኝ እኔም አየሁት። አልተፈታም።

«ምግቡንስ ማን ያደርስለታል?» አለች እናቴ።

«እኔ!» አለች እትዬ ፈትለወርቅ፣ ከጓሮ ሆና ትሰማ ነበርና።

አራት ቀን ጨለማ ሆነ። ነሐሴ አንድ ቀን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አምፖላችን ውስጥ ያለው ክር ቀላ። ቆየ። ቢጫ ሆነ። ነጣ።

«አባዬ ነው! እማዬ፣ አባዬ ነው!» ብዬ አልጋው ላይ ዘለልኩ።

እናቴ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ቀና ብላ አየችው። «አዎ፣ አባትሽ ነው» አለች። ስትስቅ አየኋት። ያን ማታ አምናለች ብዬ አስባለሁ። ያን አንድ ማታ ብቻ።

በማግስቱ እናቴ ምሳ ሠርታ በጨርቅ ቋጠረች፣ እትዬ ፈትለወርቅም ይዛለት ሄደች። ሳህኑ ተጠርጎ ባዶውን ተመለሰ። እናቴ ሳህኑን ወደ መስኮቱ አዙራ ስታየው፣ ስታየው ቆየች። ደስ ብሏት መሰለኝ፤ እኔም «ሁሉንም በላው!» አልኩ። «አዎ፣ ሁሉንም በላው» አለችና ወደ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር።

ነሐሴ እየገፋ ሄደ። የተሬፋ ሳምንት መጣ፣ መብራቱ ግን በአባቴ እጅ በራ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው። አባዬ የተሬፋንም ሥራ ደርቦ እየሠራ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሁሴን ሱቅ ሳሙና ልገዛ የሄድኩ ቀን ደግሞ ይኸው ሐሳቤ ተረጋገጠልኝ። ሁሴን ለአንድ ሰውዬ «ወር ሊሞላ ነው አንድ አምፖል ከሸጥኩ። ይኼ ተሬፋ እኮ የሚገርም ሰው...» ካለ በኋላ እኔን ሲያየኝ አፉን ያዘ። ሳሙናውን ሰጥቶኝ ከረሜላ ጨመረልኝ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ከረሜላ። ተሬፋ ተባሮ ነው ብዬ ቤት እስክደርስ እየመጠጥኩ አሰብኩ። አባቴ ብቻውን ቀርቷል፣ ስለዚህ ነው የማይመጣው። አሳዘነኝ።

ነሐሴ ሃያ ቀን ወንድሜ ተወለደ። ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔ ሮጬ በሩ ላይ ቆምኩ። ወንድ ልጅ ተወልዶለት የማይመጣ አባት የታለ? ትእዛዝ ቢሆንስ? አጥር ዘሎ ይመጣል ብዬ የወንዙን መንገድ ሳይ ቆየሁ። ልብሴ በካፊያ ራሰ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከኋላዬ፣ ከቤት ውስጥ፣ አምፖሉ ቀላ። ቆየ። ያን ቀን እንኳ አልቸኮለም። ቢጫ ሆነ፣ ነጣ፣ እሱ ግን አልመጣም። ዞር ብዬ ገባሁና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ገንፎ ሰጡኝ፣ አልበላሁም። ቤቱ በሰው ተሞልቶ እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

እናቴ ልጁን ቀንዓ አለችው። ስም የሚያወጣ አባት እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ ይኼም ገረመኝ።

ቢሆንም አንድ ተስፋ ነበረኝ፣ በዓሉ። ትእዛዙ ለበዓሉ ከሆነ በዓሉ ሲያልፍ ይመጣል። መስከረም ሁለት ቀን ከተማው ቀይ ጨርቅ ለበሰ፣ ሰልፍ ወጣን፣ ቀበሌው በር ላይ ባለቀለም አምፖሎች ተንጠለጠሉ። እኔ ግን የምቆጥረው የነገውን ነው። መስከረም ሦስት እግሬን ታጥቤ፣ የቀንዓን ፊት በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ጠበቅኩ። አልመጣም። አራትም፣ አምስትም። መስከረም ስድስት ከሰዓት በኋላ ካርቶኔን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ከሰሏን አወጣሁ። አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር። ሰዎች «ከሰሉ አልበቃም» ሲሉ እሰማለሁ፣ አንዷን የደበቅኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ምናልባት አባዬ በኔ ተናድዶ ከሆነስ? ቀሚሴ ውስጥ ሸጉጬ ለማንም ሳልነግር ወጣሁ።

መብራት ቤት በር ላይ ዘበኛው ጋሼ ከበበው በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ብድግ አለ፣ መልሶ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሣ።

«ወዴት ነው፣ ደራርቱ?»

«አባቴን ልጠራው።»

«አባትሽ... አባትሽ እኮ ሥራ ላይ ነው።»

«አውቃለሁ። ልጅ መወለዱን ነግራችሁታል?»

«ነግረነዋል።»

«ምን አለ?»

ጋሼ ከበበው ቆቡን አወለቀ። «ምን ይላል እንግዲህ... ደስ አለው።»

«ታዲያ ለምን አይመጣም?»

ዓይኑን በቆቡ ጠረገና «ይኼ ጭስ ገደለኝ» አለ። ቀና ብዬ ጭሱን አየሁት፤ ነፋሱ ወደ ወንዙ ማዶ ነበር የሚወስደው። ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው አልኩ በልቤ፣ በክንዱ ሥርም ሾልኬ ሮጥኩ።

ውስጡ ይሞቃል፣ ይጮኻል፣ የእርጥብ ከሰል ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። የምድጃው በር ስንጥቅ ላይ እሳቱ ይታያል። ከሞተሩ አጠገብ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል፣ እጁ የእንፋሎቱ መክፈቻ ላይ ነው። የቆዳ ሽርጡን አወቅሁት። ከኋላ በኩል የተበጠሰችውን ማሰሪያ እናቴ በሰማያዊ ክር ሰፍታዋለች። የአባቴ ሽርጥ ነው። አባቴ ወፍሯል አልኩ።

«አባዬ!»

አልዞረም። አልሰማኝም ብዬ ቀረብ ብዬ ጮኽኩ። «አባዬ!» ትከሻው ብድግ አለና እዚያው ቀረ። ሰምቶኛል! እጁ ግን መክፈቻውን አልለቀቀም፣ ፊቱም ወደኔ አልመጣም።

«ወንድ ልጅ ነው። ቀንዓ ነው ስሙ» አልኩት። «ፀጉሩ ያንተን ይመስላል።»

ከሰሏን አውጥቼ የምድጃው ደፍ ላይ አስቀመጥኳት። «የደበቅኳት እኔ ነኝ። ይኸው መለስኩ፤ አሁን ና።»

ጀርባው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሳቀብኝ መሰለኝ። እግዜር ይይልኝ፣ የሳቀብኝ ነው የመሰለኝ። ያለ የሌለ ድምፄን አውጥቼ «ከዛሬ ጀምሮ አባት የለኝም!» አልኩና ወጣሁ። ድልድዩ ላይ ስደርስ ከተማው ቀላ። እንደዚያ ማታ ቀይ ሆኖ የቆየበት ቀን የለም፣ አይበራም ብለው ሰዎች ከየቤቱ ወጥተው ነበር። እኔ ቀና ብዬም አላየሁት።

ተሬፋ ዛሬ አምቦ ልጁ ቤት ነው ያለው፣ ዓይኑ ደክሟል፣ ጢሙ ነጭ ሆኗል። እኔም እዚያው አስተምራለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ሙዝ ገዝቼ ሄጄ ጠየቅኩት።

«ጋሼ ተሬፋ፣ ለምን አልዞርክም?»

«ብዞር ኖሮ አባትሽን እዚያው ገደልኩት ማለት ነዋ» አለኝ። «እሪ ብለሽ እናትሽ ጋ ትሮጫለሽ። አራስ ናት። ምን ልሁን?» ሙዙን በእጁ አገላበጠ። «ሽርጡን የለበስኩት የኔ እሱን ሳወጣ ስለተቃጠለ ነው። ሌላ አልሰጡኝም፤ የሱ ግን ያን ቀን አውልቆት ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር።»

«እጁንስ ከየት ተማርከው?»

«ያን ሁሉ ዓመት ስስቅበት አይቼዋለሁ እኮ! ሰው መብራት ሲያበራ ምጥ ይይዘዋል እንዴ እለው ነበር። ያን ሰሞን ግን አራቱን የጨለማ ቀን ቁጭ ብዬ እጁ እንዴት እንደነበረ አስብ ነበር። እናትሽ አምፖሏን እንደምታይ ነግሮኛል። በኔ እጅ ብትበራ በዚያው ማታ ታውቃለች። ደግሞ ምሳው! በየቀኑ የሞተ ሰው ምሳ ስበላ ከረምኩ። ካልበላሁት ሳህኑ ሙሉውን ይመለሳል፣ ይነቃብናል። እንባዬ እየወረደ ነው የምውጠው።»

«ከሰሏስ?»

«የቷ?»

«ደፉ ላይ ያስቀመጥኳት።»

«እሷንማ ያን ማታ ጨመርኳት። ለመብራት ብለሽ አይደል ያመጣሽው?» አለኝ።

ያን ማታ ግን እቤት ስገባ እናቴ ቀንዓን እያጠባች ነበር። ጭቃዬን አይታ የት እንደሄድኩ አልጠየቀችኝም።

«አየሁት። ጠራሁት፣ አልዞረልኝም» አልኳት።

እናቴ በግራ እጇ ወደ ራሷ ሳበችኝ። «አትቀየሚው» አለችኝ በኋላ። «የያዘው ነገር ከባድ ነው። ቢለቀው መብራቱ ይጠፋል።»

እኔ ግን ተቀየምኩ። ከዚያ ቀን በኋላ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። እናቴ ብቻዋን ቀና ብላ ታያለች። ስለ አባቴ መጠየቅ አቆምኩ፣ እሷም አላነሣችም። ሃያ ቀን ያህል ሁለታችን በአንድ ቤት ውስጥ ስለ አንድ ሰው ዝም ተባብለን ኖርን። እኔ በንዴት፣ እሷ በምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

የቀንዓ አርባ ቀን መስከረም ሃያ አምስት ሞላ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ከውጭ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ። ማንም በሩን ሳይመታ እናቴን ቀና ብዬ አየኋት፤ ለብሳ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ዘቅዝቃዋለች። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ቀን የሚለብሰው ኮት ታጥፎ ጭኗ ላይ ነው። ምን ሆና ነው በዚህ ሌሊት የለበሰችው አልኩ።

ኦቦ ነገራ ከፊት ሆኖ ገባ። ጋቢ የለበሱ ወንዶች፣ እትዬ ፈትለወርቅ፣ ሁሴን፣ ጋሼ ከበበው ከኋላው። ተሬፋ በመጨረሻ በሩ ላይ ቆመ፣ ጎንበስ ብሎ። ኦቦ ነገራ «ባየሽ...» አለ።

«ግቡ እንጂ» አለች እናቴ። «ቆማችሁ ቀራችሁ።»

ከዚያ ለቅሶው ፈነዳ። የአባቴን ስም እየጠሩ፣ ባኮ እያሉ፣ ሐምሌ እያሉ። ነገሩ ሲገባኝ ዘልዬ መሀል ቆምኩ።

«ውሸታሞች!» አልኳቸው። «ትናንት ማታ መብራት አብርቷል! እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ሽርጡን ለብሶ!»

ተሬፋ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አደረገና ወደ ውጭ ወጣ።

ቀኑን ሙሉ አላለቀስኩም። ሴቶቹ «ልጅቷ ደነገጠች፣ ውሃ ስጧት» ይላሉ። አልደነገጥኩም። አሥራ ሁለት ሰዓትን ነው የምጠብቀው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ ሲሆን ሁሉም ያፍራሉ፣ ከዚያ ጓዛቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ እኔም ለአባዬ ይቅርታ አደርግለታለሁ ብዬ ወሰንኩ። ሌላ ነገር አልፈልግም፣ ይምጣ ብቻ። ቀኑ አልመሽ አለኝ።

መሸ። ለቀስተኛው ቤቱን ሞልቶ በጨለማው ተቀምጧል። እኔ አምፖሉ ሥር ቆሜ ቀና አልኩ። ከወንዙ በኩል ሞተሯ ስትጮኽ ሰማሁ፣ ጩኸቷ ጨመረ፣ ጨመረ። አምፖሉ ውስጥ ያለው ክር አልቀላም።

ቧ!

ቤቱ በአንዴ ነጭ ሆነ፤ የሰው ፊት ሁሉ ታየኝ፣ ያለቀሰ ዓይን ሁሉ። ወዲያው አምፖሉ ፈነዳና ስብርባሪው ለቀስተኛው ላይ ረገፈ። አንዲት ሴት ጮኸች። መልሶ ጨለመ።

በጨለማው ውስጥ የእናቴ ድምፅ መጣ፣ እንደ ደከመው ሰው።

«እፎይ። ምስኪን ተሬፋ፣ በራሱ እጅ አበራ። ስልሳ ማታ በሰው እጅ ማብራት ቀላል ነው?»

«ባየሽ!» አለች እትዬ ፈትለወርቅ። «ታውቂ ነበር እንዴ?»

«ኦልጅራ ሽንኩርት በልቶ ያውቃል?» አለች እናቴ። «ከወጡ እየለቀመ ሳህኑ ዳር ነው የሚከምረው። ያ ሳህን ተጠርጎ የመጣ ቀን አወቅኩት። ይህን ያህል ሰው ለኔና ለልጄ ብሎ ሲዋሽ ምን ልበል? እኔም ዝም አልኩላችሁ። ልጄ የት ናት?»

በሰዎች እግር ላይ እየረገጥኩ፣ እየዳበስኩ ሄድኩ። ጭኗ ላይ ያለውን ኮት አገኘሁትና ከሥሩ ገባሁ። ከሰል ከሰል ይሸታል። በጆሮዋ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ያን ቀን አባት የለኝም ያልኩት ለተሬፋ ነው?»

«ለተሬፋ ነው።»

«አባዬ አልሰማኝም?»

«አልሰማሽም፣ የኔ ልጅ።»

ያኔ አለቀስኩ።